ከአንኮበር ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ከቦሌ ዋሽንግተን አጠገብ እስካለው ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ማወቅ ዛሬ ቀላል ነው። በምድር ሉል ላይ አጭሩን መስመር ይዞ ለሚሄድ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። መስመሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ያልፋል፤ ከዚያ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ከዱለስ ተነስቶ የትም ሳያርፍ የሚመጣ አውሮፕላን ይህን ሁሉ በአሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ልጃቸው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር አንዲት የአንኮበር እናት «አሜሪካ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብለው ሲጠይቁ ግን ይህ መልስ እውነት ቢሆንም አያጠግባቸውም። ማወቅ የፈለጉት ልጃቸው መቼ ደጃቸው እንደሚደርስ፣ ወይም እሳቸው መቼ ልጃቸው ቤት እንደሚገቡ ነው። እኔ እንደማምነው የእናቲቱ ጥያቄ ከካርታው መልስ ይልቅ ትክክለኛ ነው። መንገድን የሚያስረዝመው ከሁሉ በላይ ደጃፍ ነው፤ ደጃፉ ላይ ያለው ዳገት፣ ጭነትና ፈቃድ። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ከአንኮበር የተሻለ አገር አላውቅም፤ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ ወደ ሸዋ የሚመጣ እንግዳ ጉዞው የሚያበቃው እዚያ ተራራ ላይ ነበርና።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን የሚያደርሰው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ዳገትነቱን አያሳይም። ከለገጣፎና ከሰንዳፋ በኋላ አገሩ ይዘረጋል። በአለልቱ፣ በሐሙስ ገበያ፣ በሸኖና በጫጫ ሲያልፉ ግራና ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ፣ በድንጋይ የተካበ አጥር፣ የባሕር ዛፍ ተክል፣ በየግቢው ጥግ ተከምሮ ክረምቱን የሚጠብቅ ኩበት ነው። ሸኖ ላይ ቅቤ ለመግዛት መኪና የሚያቆም አይጠፋም። ከፍታው የሚታወቀው በብርዱ ነው፤ መስኮት ይዘጋል፣ ጋቢ ይደረባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው 2,334 ሜትር ላይ ነው። ይህን ልዩነት ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ሳያውቀው አንድ የሚገርም ነገር ይገጥመዋል። ረጅም ርቀት የሚሄድ ጄት ከ10,000 ሜትር በላይ ይበርራል፤ መንገደኛው የተቀመጠበት ክፍል ግን አየር እየተጨመቀ ስለሚገባበት፣ በብዙ ጄቶች ውስጥ ግፊቱ ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለ አገር ጋር ይስተካከላል። በቦይንግ 787 ድሪምላይነር ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል። ይህ የባሕር ዳር ከፍታ ነው። ስለዚህ የደብረ ብርሃኑ ሰው በድሪምላይነር ከቦሌ ሲነሳ ዓይኑ ወደ ላይ መውጣቱን ያያል፤ ሳንባው ግን ከቤቱ ወደ ጣና ዳር ወርዷል። ካርታው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርዝመት ብቻ ሲነግረን ስለዚህ ከፍታ ምንም አይለንም።

ሰዓቱን የሚቀይረው ደግሞ ይኸው ከፍታ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፉን በደንብ አያነሳውም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሩጫና ብዙ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ማኮብኮቢያውና ጎማው የሚፈቅዱት ደግሞ ልክ አለው። ስለዚህ መንገደኛውን ሞልቶ፣ ሻንጣውን ጭኖ፣ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ከቦሌ መነሳት ከባድ ሆኖ ኖሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በተለያዩ ዓመታት ሮም ወይም ደብሊን እያረፈ ነዳጅ የሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ዱለስ ግን ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ይነሳና በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። በዚህ ላይ በአትላንቲክ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይይዛል። ብዙ ሰው ልዩነቱ ምድር ወደ ምሥራቅ ከመዞሯ የመጣ ይመስለዋል፤ አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር ይህ ምክንያት አይሆንም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። በአሥራ ሦስት ሰዓት የሚመጣው አገር ሲኬድ ከአሥራ ስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ኪሎ ሜትሩ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት። ርቀት ማለት ርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ደብረ ብርሃን ራሷ የተቆረቆረችው ከሰማይ በመጣ ነገር ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በቦታው ከሰማይ ብርሃን ወርዶ አይተው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከዚያም መናገሻቸው አደረጓት። ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ አጥኚዎች አሉ። ያ ኮከብ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ኬላ የለም፣ የሚያራግፈው ጭነት የለም፣ ፈቃድ የሚጠይቀውም የለም፤ ስለዚህ የመንገዱን ርዝመት ያወቀ ሰው የሚመጣበትን ጊዜ ያውቃል። የሰው መንገድ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የሰው መንገድ ስንቅ ይፈልጋል፤ ስንቅ ደግሞ ሚዛን ላይ ይወጣል። የዚህ አገር ስንቅ ገብስ ነው። ገብሱ ምጣድ ላይ እየታመሰ እስኪፈካ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል፤ በሶ ሆኖ ከረጢት ውስጥ ወር ሁለት ወር ቢቀመጥ አይበላሽም። እሳት በሌለበት ሜዳ ላይ ውኃ ጠብ አድርጎ፣ ጨውና ዘይት ወይም ማር ጨምሮ፣ በመዳፍ ጨብጦ መብላት ነው። ሲራራ ነጋዴም ወታደርም በዚሁ ኖሯል። ዛሬም ከዚህ አካባቢ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሻንጣ ቢከፈት በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ነው የሚገኘው። ቦሌ የመንገደኛ መመዝገቢያው ፊት ሁልጊዜ አንድ ሻንጣ ወለል ላይ ተከፍቶ ይታያል። ሃያ ሦስት ኪሎውን አልፏል፤ የድርቆሹ ፌስታል ወጥቶ ወደ እጅ ቦርሳ ይዛወራል፣ በርበሬው ይመዘናል፣ የቀረው ለሸኚው ይመለሳል። መደርደሪያው ፊት በኪሎ የሚጨነቀው መንገደኛና በማኮብኮቢያው ጫፍ በቶን የሚጨነቀው አብራሪ ችግራቸው አንድ ነው። ከፍ ካለ አገር ከባድ ጭነት ይዞ መነሳት ያስከፍላል።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ውርጭ የሚመታው ሜዳ ነው፤ በግ የሚጠብቁ ልጆች ከሱፍ የተሠራ ባና ተከናንበው ይታያሉ። ከዚያ ሜዳው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ቁንዲ አካባቢ ጅብራው በጉም ውስጥ ቆሞ፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ገደል ነው፤ ጉሙ ሲገለጥ ከታች ተራራ በተራራ ላይ እየተደራረበ ወርዶ ወርዶ አፋር በረሃ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ በዚህ ጠርዝ ላይ፣ ከሌላው ተራራ ነጠል ብሎ የቆመ ነው። ከጉብታው ሥር ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አልዩ አምባ አለ። ደጋው ገብሱንና የሱፍ ልብሱን ያወርዳል፣ ቆላው ማሽላውን፣ ጥጡንና ጨውን ያወጣል፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና አማራው የሚገናኙት በዚያ ገበያ ነበር። ከባሕሩ ወደብ ከታጁራ የተነሳው ግመልም እዚያው ግድም ይቆማል፤ ዳገቱን አይወጣውም። ጭነቱ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይወጣል። ከባድ ጭነት ከፍ ባለ አገር ደጃፍ ላይ መከፈል አለበት የሚለው ሕግ ሮም ላይ ነዳጅ በሚሞላው ጄት አልተጀመረም፤ አልዩ አምባ ከዚያ በፊት ታውቀዋለች። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ግንቦት ከታጁራ ተነስቶ የሸዋን ጠረፍ የረገጠው ከስድስት ሳምንት በላይ ተጉዞ ነው። ታጁራና አንኮበር በቀጥታ መስመር ሲለኩ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ዛሬ ጄት በግማሽ ሰዓት የሚያልፈው ነው። ሃሪስ ጠረፍ ከደረሰ በኋላም ወዲያው አልወጣም፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ የውጭ ሰው ወደ ሸዋ አይገባም፣ ከገባም አይወጣም ነበርና ከዳገቱ ሥር ሆኖ መልእክት መጠበቅ ነበረበት።

ከሃሪስ ይልቅ ጉዳዩን የሚያጠራው የአርተር ራምቦ ጉዞ ነው። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ ወደ 2,000 ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ ታጁራ ሲደርስ የመሣሪያ ፈቃድ፣ ግመልና አጃቢ ፍለጋ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር ድረስ ባሕሩ ዳር ቆየ። በ1879 ዓ.ም. ጥቅምት ተነስቶ አንኮበር የገባው በየካቲት ነው፤ አራት ወር ያህል። ንጉሡ አንኮበር አልነበሩምና ወደ እንጦጦ መቀጠል ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ይኸው ሰው ከእንጦጦ ሐረር ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ፈጅቶበት ገባ። እንጦጦና ሐረር በቀጥታ ሲለኩ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ዓመት፣ ሊመሳሰል ጥቂት የቀረው ርዝመት፤ አንዱ አራት ወር፣ ሌላው ሦስት ሳምንት። ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? ሲመለስ ጭነቱን አራግፎ ቀልሏል። መንገዱ በጨርጨር ደጋ በኩል ስለሆነ ውኃና ጥላ አለው። ደግሞም ምኒልክ ሐረርን የያዙት በዚያው ዓመት ስለነበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈቃድ ሰጪው አንድ ሆኗል። እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድም ኪሎ ሜትር ሳይቀንሱ መንገዱን አሳጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። በረሃው መካከል ነው፣ ደጃፍ አይደለም፤ ሰው የሞተውም እዚያ ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው። የሃሪስ ጓዶች የአሳል ሐይቅን ጨው በሌሊት ሲያቋርጡ በውኃ ጥም ሊያልቁ ደርሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ባለ ሸለቆ ደግሞ ከመካከላቸው ሦስቱ በተኙበት ታርደዋል። ጥሙ የርዝመትና የሙቀት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ግድያው ግን የርዝመት አይደለም። ያ በረሃ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ባዶ ሜዳ ይመስላል እንጂ የውኃ ጉድጓዱ፣ ግጦሹና ማለፊያው ሁሉ ባለቤት ያለው አገር ነው፤ ከአንዱ ጎሣ ጋር የተደረገ ስምምነት ከሚቀጥለው ጎሣ ድንበር ላይ ያበቃል። የበረሃው መካከልም በራሱ ደጃፍ በደጃፍ ነበር። ሰማዩም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባና አስመራ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአስመራ በኩል ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ለሃያ ዓመት አንድም የመንገደኛ አውሮፕላን አልበረረም፤ እናቱን ሊቀብር የፈለገ ሰው እንኳ በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት መንገደኞች አስመራ ላይ መሬት ስመዋል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ዳግም ተቋረጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን ኪሎ ሜትሩ አልተነቃነቀም። ሱዳንም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳባት ሰማይዋ ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣው ያ ውብ አጭር መስመር የሚጀምረው ደግሞ በሱዳን ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስድስት ሳምንት ወደ ግማሽ ሰዓት፣ የባሕር ማዶ ጉዞ ከወራት ወደ አንድ ሌሊት ከወረደ በኋላ ስለ ደጃፍ ማጉረምረም ውለታ ቢስነት አይሆንም ወይ? አይሆንም፤ ምክንያቱም ደጃፉ ከበፊቱ የበለጠ የሚታየው ርዝመቱ ስላጠረ ነው። መንገዱ አራት ወር ሲሆን አንድ ሳምንት መጠበቅ ከጉዞው ጋር ይዋሃዳል። በረራው አንድ ሌሊት ሲሆን ግን ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ወራት መጠበቅ፣ ተከልክሎ እንደገና ማመልከት፣ ከጉዞው ሁሉ ትልቁ ክፍል ይሆናል። ራምቦ ታጁራ ላይ የቆየው ከተጓዘው ይበልጥ ነበር፤ ዛሬም ዲቪ የሞላው የደብረ ብርሃን ወጣት፣ ለልጇ አራስ ቤት ልትደርስ ቪዛ የጠየቀችው የአንኮበር እናት እንዲሁ ናቸው። አራስ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም። ቀብርም አይጠብቅም። በእኛ ባህል ሰው የሚፈለገው በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው፤ በሁለቱም ቀን ያልደረሰ ዘመድ በአሥራ ሦስት ሰዓት ርቀት ላይ እንዳለ መስማት ለቤተሰቡ ምንም አይፈይድለትም። በዚህ በኩል ያለው ደጃፍም አለ። ከአንኮበር ቦሌ 172 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ቀይሮ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ ለሚመጣ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ በእነዚህ ዓመታት እንደታየው ጸጥታ ደፍርሶ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚሆን የሚናገር ሰው አይገኝም።

አንኮበር ራሷ በዚህ ሕግ ወድቃለች። የሐረር መንገድ ሲከፈት፣ መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የሸዋ ዋና በር የነበረችው ከተማ ራቅ ያለች ወረዳ ሆነች። ተራራው ግን ከቦታው ፈቀቅ አላለም፤ የተነሳው ኬላውና ገበያው ነው። አሁን በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ስለሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወራ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አውሮፕላኑ ብዙ ነዳጅና ብዙ ሰው ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ የዋሽንግተኑም መንገድ ሊያጥር ይችላል። ለአዲስ አበባና ለአዳማ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአንኮበር ለሚነሳ ሰው ግን ከሰማዩ የተቀነሰው ሰዓት መሬት ላይ ሊጨመርበት ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ፣ እንደገና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ሊኖርበት ነውና። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ቢጠየቅ በደጋው አትውጡ ይል ነበር፤ በአልዩ አምባ ወርዳችሁ፣ የአዋሽን ሜዳ ይዛችሁ ወደ አዳማና ወደ ቢሾፍቱ ዙሩ። በዚያ በኩል ጥሩ መንገድና አስተማማኝ ጸጥታ ቢኖር የሰሜን ሸዋ ቆላና የጠርዙ ሕዝብ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚደርሰው ደጋውን ሳያቋርጥ ነው። የአቡሴራን ማኮብኮቢያ ርዝመት የሚያሰላው መሐንዲስ ያን የጎደለ መንገድም በሂሳቡ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።